በቀን ሃያ ግራም

ጥቅምት 4

ለተርቧ የእህቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝና ደንበኛ ከሚያናድደኝ በቀር ደኅና ነኝ። ባለሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ።

ስልኩን ትቼ ወደ ደብዳቤ የተመለስኩት ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በስልክ ሁለታችንም እንጮሃለን። ባለፈው ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል፤ አልረሳሁትም። ወረቀት ላይ ቢያንስ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሱቄ በላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃ ማከማቻዬ ውስጥ ስንት ቀን ሲንጠባጠብ እንደከረመ እንጃ፤ ያወቅኩት ግድግዳው ሲሸተኝ ነው። ከታች የተደረደሩት የድሮ ቴሌቪዥኖች፣ እነዚያ የእንጨት ሳጥን ያላቸው፣ እርጥበት ጠጥተው አገኘኋቸው። ሳጥኑን አደረቅኩ፣ ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፤ ትራንስፎርመሮቹ ግን አስቸገሩኝ። አሁን እጄ ላይ የቀረው የጡረተኛው መምህር ቴሌቪዥን ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች አብረው ያዩት ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣና በሩ ላይ ይቆማል። ምነው ዘገየህ ቢለኝ በወግ እጣላው ነበር፤ አይለኝም፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

ትራንስፎርመሩን ስለካው ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወደ ብረቱ ያፈሳል። በዚህ ሁኔታ ቢሰካ የነካውን ሰው ይይዛል። እናንተ ወርክሾፕ ከድሮ ቴሌቪዥን በቀር ሌላ አትሠሩም አይደል? አንድ ፈልገሽ ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። እዚህ የሚጠመጥም ሰው የለም።

አጎትሽ

ጥቅምት 21

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ፤ የደንበኛውን ነገር ግን እርሱም የሚችለው አይመስለኝም። እኔ ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የመጨረሻዋ ቃል አልዋጥልሽ አለችኝ። የሚጠመጥም የለም ማለት ምን ማለት ነው? እናቴስ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዎ አጠገብ ተቀምጣ፣ የተቃጠለውን ሁሉ ሽቦውን ፈትታ፣ አዲስ ጠምጥማ፣ ሰም አጠጥታ የምትመልስልዎት ማን ነበረች? ለዚህ መልስ እፈልጋለሁ።

ትራንስፎርመሩ እኛም ዘንድ የለም፤ ደግሞም አያስፈልግዎትም። የረጠበ ሁሉ አልሞተም። እኛ ከቴሌቪዥኑ ፈትተን አውጥተን፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ከአንድ ባለ አርባ ዋት አምፑል ጋር እንዘጋበታለን፤ እርጥበቱ እንዲወጣ ከላይ ቀዳዳ እንተውለታለን። ሙቀቱ እጅዎን አሳርፈው ሊቆዩበት የሚችሉት ያህል ይሁን፤ እጅዎ ከሸሸ በዝቷል ማለት ነው። ሁለት ሳምንትም ሦስትም ይፈጃል። በየማለዳው ይመዝኑታል። መጀመሪያ ክብደቱ ቶሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ እያመነታ ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ሦስት ቀን ሙሉ ያው ክብደት ከሆነ ውኃው አልቋል። ከዚያ ይለኩትና፣ ደኅና ከሆነ በቀጥታ ሳይሆን መስመሩ ላይ አምፑል አስገብተው ቀስ ብለው ኤሌክትሪክ ይስጡት። መቸኮል ብቻ ነው የሚገድለው።

እናቴን ሳሙልኝ። ለምን ሰላምታዋን እንዳልላኩልኝም ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 8

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይብዛልሽ። እኛ እንዳለን አለን።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። መበየጃ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ ያሳየሁሽ ማን ነው? ጣትሽ ሲቃጠል ሱቁ እስኪናጋ ያለቀስሽው የማን ጠረጴዛ ላይ ነው? ዛሬ ባሕር ስለተሻገርሽ ስለ አምፑልና ስለ ሳጥን ትሰብኪኛለሽ። አርባ ዋት አምፑል ጫጩት ለመፈልፈል ይሆናል።

እኔ ከዚያ የተሻለ አለኝ። የጎረቤቴ የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ አለ። የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ሲጨርስ ምድጃው እስከ ቀትር ሙቀቱን ይይዛል። ትራንስፎርመሩን ትሪ ላይ አድርጌ አስገባለሁ፣ ለምሳ ሲዘጋ አወጣለሁ። ሊጥ በሚመዝንበት ሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ግራም አይስትም። እንግዲህ ስሚ፤ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ ነበር። ከዚያ ስድስት መቶ ሃያ፣ ስድስት መቶ፣ አምስት መቶ ሰማንያ፣ አምስት መቶ ስልሳ። ምድጃ ውስጥ በገባ ቁጥር ሃያ ግራም። ውኃው በሰልፍ እየወጣልኝ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ባዶ ምድጃ ሁልጊዜ ስለማይኖረው ነው እንጂ እስካሁን በጨረስኩ ነበር።

ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ይቅር፤ ይልቅ ሲደርቅ የምቀባው ጥሩ ቫርኒሽ ላኪልኝ። እናትሽ ደኅና ናት። ዓይኗን ትንሽ ስለደከማት አርፋለች።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 21

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ፖስታው አዘግይቶኝ አይደለም። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ እሱንም ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው።

እናቴ ዘንድ ደወልኩ። «ዓይኔን ትንሽ ስለደከመኝ አርፌአለሁ» አለችኝ፤ ቃል በቃል የእርስዎን ደብዳቤ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ካወራ ወይ ተማክሯል፣ ወይ አንዱ ለሌላው ተሸማቅቋል። እናቴ የእርስዎን ነውር ልትሸፍን ብላ መዋሸቷ ነው ቆሽቴን ያሳረረው። ስለዚህ ከሱቅዎ ፊት ለፊት ላለው ፀጉር አስተካካይ ደወልኩ። እሱ መዋሸት አይችልበትም፤ ሁሉን ነገረኝ።

እሱን ጨምሮ አራት ሰው ባለበት በሱቅዎ በር ላይ አቁመዋት፣ «እጅሽ ሞቷል፤ አንድ ቀን በእኔ ስም ሰው ትገድያለሽ፤ ውጪልኝ» አሏት። እሷ መቀሷን እንኳ ሳታነሳ እንደወጣች ነገረኝ። ይኸው አምስት ወሩ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የካውያ ገመድ የሚሰጣት እንኳ የለም፤ እጇ ሞቷል ተብሏላ። ታላቅ ወንድሟ ራሱ መስክሮባታላ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ስር እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች አለኝ። እኔ እናቴን እጇን አጣጥፋ አይቻት አላውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አጎቴ። ይህን ነገር በምን እንደሚመልሱት ይንገሩኝ። ቫርኒሽ አልልክም።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 6

ለተርቧ፤

ሰላምታሽን ስላሳጠርሽብኝ እኔም አላበዛውም።

ፀጉር አስተካካዩ ያልነገረሽን ልንገርሽ። ቧንቧው ከፈነዳ በኋላ እናትሽ ሦስት ትራንስፎርመር ጠመጠመችልኝ። ሦስቱም በሁለት ወር ውስጥ በየደንበኛው ቤት ተቃጠሉ። ሦስተኛው ሲቃጠል እሳቱ የአንዲት ሴትዮ መጋረጃ ይዞ ነበር፤ ከመጋረጃው ስር ሕፃን ተኝቷል። አባትየው ተሸክሞ ባይሮጥ ምን ይሆን ነበር? ሴትዮዋ ሱቄ ድረስ መጥታ ፊቴ ላይ ስትጮህብኝ እኔ ምን ልበላት? እህቴ ናትና ቻዪው ልበላት? ደሜ ፈላ። ያልኩትን አልኩ።

ደግሞ የእኔ ጥንቃቄ ጎድሎ እንዳይመስልሽ። እሷ ጠምጥማ ሰም አጠጥታ ስትሰጠኝ፣ ክረምት ነውና አንዳች እርጥበት ቢቀርስ ብዬ፣ ሳልነግራት እያንዳንዱን አራት አራት ቀን ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ አድርቄዋለሁ። ስለዚህ እርጥበት አይደለም። እርጥበት ካልሆነ ምን ቀረ? እጇ ቀረ። ይህን አንቺም ብትሆኚ ከዚህ ሌላ ልትደርሺበት አትችዪም።

የመምህሩ እየደረቀ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል፤ አሁንም በየጊዜው ሃያ ግራም እየጣለ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ስልሳ ደርሷል። ያ ሁሉ ውኃ እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ትሪዬን አቆሸሽከው፣ ጥቁር ቅባት ጋገርክበት፣ ዳቦዬ ሸተተ እያለ ይነዘንዘኛል። የዳቦ ቤት ትሪ ድሮስ መቼ ንጹህ ሆኖ ያውቃል? የራሴን ትሪ ገዛሁ። እሱም ጠቆረ።

ለእናትሽ ጻፊላትና ነገሩን አስረጃት። እኔ ያስቀየምኳት ለሰው ነፍስ ብዬ ነው።

አጎትሽ

ጥር 20

ለአጎቴ፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት።

የላኩልኝን ቁጥሮች ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ አየኋቸው። የሚደርቅ ነገር እንዲያ አይደርቅም። ውኃ መጀመሪያ ብዙ ይወጣል፣ ቀጥሎ ያንሳል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ጽፌልዎት ነበር። የእርስዎ ግን የመጀመሪያውም ቀን ሃያ፣ ዘጠነኛውም ቀን ሃያ። ያን የሚያህል ትራንስፎርመር ቢበዛ ሠላሳ አርባ ግራም ውኃ ነው የሚጠጣው። አንድ መቶ ሰማንያ ግራም ከየት መጣ? ትሪዎን ይዩት፣ አጎቴ። ሁለተኛውን ትሪም ይዩት።

ሰሙ ነው። ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ፣ እርጥበትም እንዳይገባ እናቴ በየድርብርቡ የምታጠጣው ሰም ነው። ምድጃዎ አቅልጦ አወረደው፤ እርስዎ ደግሞ ሰሙ ሲፈስ ውኃው ወጣ እያሉ በሊጥ ሚዛን ሲደሰቱ ከረሙ። እርግጠኛ ለመሆን እኔም አንድ የማይጠቅም አሮጌ ትራንስፎርመር ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። ሰዓት ሳይሞላ ትሪው ጠቆረ።

አሁን ወደ ሦስቱ ልመለስ። አራት አራት ቀን አደረቅኋቸው ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈውልኛል። እናቴ ደኅና አድርጋ የሰጠችዎትን ሦስቱንም ያራቆቱት እርስዎ ነዎት። የዚያን ሕፃን መጋረጃ ያቃጠለው የእርስዎ ጥንቃቄ ነው። ስንት ዓመት ከጎንዎ ስትጠመጥም፣ ሰሙ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ሙቀት እንደሚቀልጥ አንድ ቀን ዞር ብለው አይተው ያውቃሉ? አያውቁም። የሴት ጓዳ ሥራ መስሎዎታል። ቢጠይቋት ኖሮ በአንድ ቃል ትነግርዎት ነበር፤ ሳልነግራት አሉኝ እኮ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። በዚያው በር ላይ ቆመው፣ እነዚያኑ ሰዎች ጠርተው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይበሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም አልረሳም።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 9

ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ቀደድኩት። ቀጥሎ በፕላስተር አያይዤ እንደገና አነበብኩት። የአጎት ክብር የሚባል ነገር ጭራሽ ጠፋ አይደል? ይሁን።

አላመንኩሽም ነበር። ከተቃጠሉት ሦስቱ አንዱ መደርደሪያው ስር ወድቆ ነበርና በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ወረቀቱ ደርቆ በጣቴ መካከል ይፈረፈራል፤ የሰም ጠብታ የለበትም። ሽቦው ግን ከተቃጠለበት ቦታ ወዲያ ድርብ በድርብ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዘል፣ እንደ ጥሩ ተማሪ ደብተር ቀጥ ብሎ ተጠምጥሟል። እጇ ምንም አልሆነም። መጋዙን አስቀምጬ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ሌላ የምጮህበት ሰው ባለመኖሩ ሱቁን ዘጋሁት።

በማግሥቱ ያልሽውን አደረግሁ። ፀጉር አስተካካዩን፣ መጋረጃዋ የተቃጠለባትን ሴትዮ፣ የቀሩትንም ሁለቱን ጠራሁ፤ ዳቦ ጋጋሪውም ሳይጠራ መጣ። በር ላይ ቆሜ፣ የእህቴ እጅ ጤነኛ ነው፣ ሦስቱንም አቅልጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሴትዮዋ የሰደበችኝን ስድብ አልጽፍልሽም። ዋጥኩት።

ከዚያ እህቴ በማግሥቱ ትመጣለች ብዬ ጠረጴዛዋን ወለወልኩ። አልመጣችም። ሳምንት ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሄዶ ሁሉን ነግሯታል፤ እሷ ያለችው «ለመንገዱ ነግሯል፤ ለእኔ አልነገረኝም» ነው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ሰፈር ፊት ተዋርጄላታለሁ። አንቺ ቃሉን ታውቂበታለሽና ለእናትሽ ጻፊላት። ወንድሜን ይቅር በዪው ብለሽ በእኔ ስም ጻፊላት።

አጎትሽ

የካቲት 24

ለአጎቴ፤

አልጽፍላትም።

ቤቷ ከሱቅዎ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እርስዎ ግን ከሷ ጋር ለመታረቅ ባሕር ተሻግሮ ለአሥር ቀን የሚጓዝ ወረቀት ይልካሉ። ለመስደብ ደላላ አልፈለጉም ነበር፤ ፊት ለፊት ነው የሰደቧት። ስለ ቃሉ እኔን አይጠይቁኝ። ሰው ሲያዋርዱ ቃል አጥሮዎት አያውቅም።

ሄደው ሳይነግሯት የሚጽፉልኝን ደብዳቤ አልከፍተውም። ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 19

ለእህቴ ልጅ፤

ሄጃለሁና ክፈቺው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሦስት ቀን በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁትና ገባሁ። እናትሽ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ስር አስጠግታ፣ በአሮጌ የስፌት መኪና መዘውር የሠራቻትን መጠምጠሚያ እያዞረች ነበር። በእኔ በኩል ያልመጣ ሥራ ይዛለች። እኔ በር ላይ የተናዘዝኩት ለካ ደንበኛውን በቀጥታ ወደ ቤቷ ሰድዶታል፤ ይህን ያየሁት ያኔ ነው፤ ደስ አለኝ ብልሽ ውሸት ነው።

«እህቴ» ብዬ አፌን ስከፍት ሳትዞር ጣቷን አነሳች። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ነበረች። እየጠመጠመች ስትቆጥር ሰው አይናገርም፤ ቁጥሩ ከጠፋባት ሁሉንም ፈትታ ከአንድ ትጀምራለች። ስለዚህ ቆምኩ። ተቀመጥም አላለችኝም። ሽቦው እንዳይበጠስ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ድረስ ቆጠረች። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ የቆምኩበት ቀን በሕይወቴ ትዝ አይለኝም። መጀመሪያ ልቤ ነደደ። አምስት መቶ ላይ ልወጣ ነበር። ስምንት መቶ አካባቢ ግን እጇን ማየት ጀመርኩ። ሽቦው ከሽቦው ጎን እንዴት እንደሚተኛ፣ ድርቡ ሲያልቅ ወረቀቱን እንዴት እንደምታስገባ፣ ጥፍሯ ጫፉን እንዴት እንደሚይዝ፣ ይኸው ሸምግዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጠገቧ ስንት ዓመት ተቀምጬ እንደነበር አንቺ ቆጥረሽልኛል።

ጫፉን አስራ ቆረጠችና ዞረች። «በል ተናገር» አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። «እጅሽ አልነበረም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው። ሳላጣራ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። በድዬሻለሁ።»

«ሦስቱንም?» አለችኝ።

«ሦስቱንም።»

አልቅሳ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብለሽ እንዳታስቢ፤ እኔ አስቤ ነበር። «ሰማሁህ፣ ወንድምጋሼ» አለችኝ። «ሱቅህ ግን አልመለስም። ሥራ ካለህ እዚህ አምጣ፤ እንደማንኛውም ሰው ተራህን ጠብቅ።»

መንገዱን ሙሉ እየተሳደብኩ ተመለስኩ። እኔ ያስተማርኳት፣ እኔ ያሳደግኳት፣ እኔን ተራ ጠብቅ አለችኝ እያልኩ ለዳቦ ጋጋሪው ነገርኩት፤ እሱ ሳቀብኝ። ሲነጋ የመምህሩን ትራንስፎርመር በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በሰሙ ፋንታ አየር ነው የያዘው፤ እሷ እንደገና ካልጠመጠመችው በቀር የሚያድነው የለም። ሁለት ሰው ቀድሞኝ ነበር። ወንድሜ ነው ብላ አላሳለፈችኝም። ቆሜ ጠበቅኩ።

አጎትሽ